ከአንድ ጥንድ እስከ ሺዎች፦ የዝይ መንደር እንዴት ይቆረቆራል?

በ1971 አንድ ጥንድ ዝይ መንገዱን ሳይጨርስ ቀረ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ፀደይና በጋ የምላቸውም የአውሮፓ ወቅቶች ናቸው።) ቦታው ላውስ ሆልማር ይባላል። ከስዊድኑ ጎትላንድ ደሴት በስተምሥራቅ፣ ባልቲክ ባሕር ላይ የተበተኑ ዝቅ ዝቅ ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ሌሎቹ ዝዮች እንደየዓመቱ እዚያ አካባቢ ሣር ግጠው፣ ስብ አጠራቅመው፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው የሩሲያ አርክቲክ ተነሡ። እነዚህ ሁለቱ ግን ቀሩ። ጎጆ ሠሩ፣ እንቁላል ጣሉ፣ ታቀፉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያው ቦታ ላይ የሚታቀፉት ጥንዶች ከሁለት ሺህ በላይ ሆነው ነበር።

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ ስቶክሆልም ወይም ሄልሲንኪ የሚኖር ያገራችን ሰው በበጋ ልጆቹን ይዞ መናፈሻ ሲወጣ፣ ጥቁር አንገትና ነጭ ጉንጭ ያላቸው ዝዮች ሣሩን ሞልተውት ያገኛል። ኩሳቸው መቀመጫ ያሳጣል። ገበሬው ቡቃያዬን ጨረሱብኝ ብሎ ያማርራል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ "ወረሩን" ይላል። እኔ ግን ወረራ የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ወራሪ ከውጭ ይመጣል። የዝይ መንደር ግን የሚያድገው በዋናነት ከውስጥ ነው፣ እዚያው የተፈለፈሉ ሴቶች ልጆች ተመልሰው እየመጡ። የሚያቆመውም ጠመንጃ ሳይሆን የጫጩቶቹ ሣር ማለቅ ነው። ይህን ሳይረዱ ስለ ቁጥራቸው መከራከር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ፈረንጆቹ ኮሎኒ የሚሉትን እዚህ "መንደር" እያልኩ እሄዳለሁ፤ ብዙ ጥንዶች ጎጆ ለጎጆ ተጠጋግተው የሚታቀፉበት ቦታ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ስለነዚህ ባለ ነጭ ጉንጭ ዝዮች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደስ ስለሚል። በእንግሊዝኛ ስማቸው በርናክል ነው። በርናክል ማለት ደግሞ በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ነው። ምን አገናኛቸው? በመካከለኛው ዘመን አየርላንድና ብሪታንያ ጠረፍ ላይ ዝዮቹ በብርዱ ወራት ይታያሉ፣ ሲሞቅ ይጠፋሉ፣ ጎጆአቸውን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ከዚያ ዛጎል ውስጥ ይወለዳሉ ተባለ። ከሥጋ ካልተወለደ ሥጋ አይደለም ብለው በጾም የሚበሉትም ነበሩ! ጳጳሱ ኢኖሰንት 3ኛ በ1215 ይህን ልማድ እንደከለከሉ ይነገራል። በ1596 የሆላንዱ መርከበኛ ዊለም ባሬንትስና ባልደረቦቹ ስፒትስበርገን የምትባል የአርክቲክ ደሴት ደርሰው እንቁላል የታቀፉ ዝዮች አዩ። ያዩት የቅርብ ዘመዳቸውን ቢሆንም ምሥጢሩ በዚያው ተገለጠ። ዝዮቹ የሚታቀፉት ሰው በማይደርስበት ሰሜን ነበር።

ለምን እዚያ ድረስ ይሄዳሉ? ዝይ ጎጆውን መሬት ላይ ነው የሚሠራው። እንደ ንስር ዛፍ ላይ አይወጣም፣ እንደ ሌሎች ወፎች ጉድጓድ ውስጥ አይደበቅም። ሴቷ ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ አንድ ቦታ ተቀምጣ ትከርማለች። ቀበሮ ካገኛት አለቀ። ስለዚህ ለዝይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቀበሮ እዚህ ይደርሳል ወይ?" የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "ልጆቼ እግራቸው በሚችለው ርቀት ሣር ያገኛሉ ወይ?" ነው። ለመጀመሪያው አይ፣ ለሁለተኛው አዎ የሚል ቦታ ጥቂት ነው። ዝዮችን በአንድ ቦታ የሚያጠጋጋቸው መጀመሪያ ይህ እጥረት ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በኖርዌይ አርክቲክ፣ በስቫልባርድ፣ ባለ ነጭ ጉንጮቹ ፊዮርድ በሚባሉ ወደ የብስ በገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች ውስጥ ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ይሰፍራሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ቀበሮው ማዶ ቆሞ ያያቸዋል እንጂ አይሻገርም። በረዶው ዘግይቶ ከቀለጠ ግን ቀበሮው በእግሩ ሄዶ ይደርስባቸዋል፣ ያ ዓመት ይበላሻል። በምሥራቅ ግሪንላንድ ደግሞ ገደል ላይ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በቀናት ውስጥ፣ መብረር ሳይችሉ፣ እናት ከታች ሆና ስትጠራቸው ከገደሉ ይዘላሉ። ለስላሳ ላባ የለበሱ፣ ክብደት የሌላቸው ኳሶች ናቸውና ከድንጋይ ድንጋይ እየነጠሩ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም። ከሁሉ የሚገርመኝ የሩሲያዋ ራንግል ደሴት ነው። እዚያ የበረዶ ዝይ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ዝዮች ከነጭ ጉጉት ጎጆ አጠገብ መታቀፍ ይወዳሉ። ጉጉቱ የራሱን ጫጩቶች ለመጠበቅ ቀበሮውን እየተወረወረ ያባርራል፤ ዝዮቹም በዚያው ይጠበቃሉ። ኃይለኛ ጎረቤት ስላለ ሌባ የማይደፍረው ሰፈር ልክ እንደዚህ ነው።

ዝይ ሁሉ መንደር ይሠራል ማለት አይደለም። የራሳችንን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ደጋ ብርቅዬ የሆነው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ፣ ባሌ ተራሮችና ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚታየው፣ ከመራቢያው ወቅት ውጭ በመንጋ ይሰበሰባል፤ ለመራባት ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበታተናል። ወንዱ የያዘውን ረግረግ ለማንም አያካፍልም። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ መሬቱ ነው። ደጋው ላይ እርጥብ ሣር እዚህም እዚያም አለ፣ ሁሉንም የሚሰበስብ ከቀበሮ የተከለለ አንድ ደሴት ግን የለም። ስለዚህ መሰብሰብ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። አርክቲክ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ወደ ጎትላንድ እንመለስ። አንድ ጥንድ ቀረ፣ እሺ። ከዚያስ? እስኪ ሒሳቡን እናስላው። የዝይ ቤተሰብ በጣም ቀንቶት በየዓመቱ በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንዷ ጥንድ 25 ጥንድ እንኳ አትሞላም። ዝይ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ካልሞላው አይራባም። ላውስ ሆልማር ላይ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥንዶቹ በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ተቀላቅለዋል ማለት ነው። በየፀደዩ በዚያ የሚያልፉት ዝዮች ብዙ ሺህ ናቸው። ከላይ ሲያልፉ፣ ወይም አጠገቡ ሣር ሲግጡ፣ እንደነሱ ያሉ ዝዮች በሰላም ተቀምጠው ሲታቀፉ ያያሉ። ለዝይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ባዶ ደሴት አደገኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ዝዮች ታቅፈው የሚታዩበት ደሴት ግን ቢያንስ እስካሁን ቀበሮ አልደረሰበትም። ምግብ ቤት ስንመርጥ ሰው የሞላበትን እንደምንመርጠው ማለት ነው። ለዚህ ነው ጅምሩ ከባድ፣ ቀጥሎ ያለው ግን ፈጣን የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ ሴቶች ልጆቹ ሥራውን ይረከባሉ። ይህ የታሪኩ እምብርት ነው።

እኛ ዘንድ በተለመደው ሙሽራዋ ናት ቤተሰቧን ትታ ወደ ባሏ ቀዬ የምትሄደው። በዝዮች ተቃራኒው ነው። ወጣቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚጣመሩት በብርዱ ወራት፣ ከብዙ አገር የመጡ መንጎች ተደባልቀው በሚከርሙበት ሜዳ ላይ ነው። ፀደይ ሲመጣ ታዲያ የማን አገር ይሄዳሉ? የሷ። እሷ ወደ ተፈለፈለችበት መንደር ትበራለች፣ እሱ ይከተላታል። ካናዳ ውስጥ፣ ሃድሰን ቤይ ዳር፣ ቸርችል ከተባለች ከተማ አጠገብ ላ ፔሩዝ ቤይ የሚባል የበረዶ ዝዮች መንደር አለ። ፍሬድ ኩክና ባልደረቦቻቸው ከ1968 ጀምሮ እዚያ ዝዮችን እየያዙ እግራቸው ላይ ቀለበት ያስሩ ነበር። በበጋው አጋማሽ ትልልቆቹ ዝዮች የክንፍ ላባቸውን አራግፈው ለሦስት አራት ሳምንት መብረር አይችሉም፣ ጫጩቶቹም ገና አልበረሩም፤ ያኔ እንደ በግ እየነዱ የመረብ በረት ውስጥ ያስገቧቸዋል። በቀጣዮቹ ዓመታት ቀለበት ካሰሩላቸው ጫጩቶች መካከል ለመታቀፍ የተመለሱት በብዛት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ በሚስቶቻቸው አገር ቀርተዋል።

በባልቲክ ደሴቶቹ ዝዮች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት። በአንድ ዓመት የተፈለፈሉ እህትማማቾች አድገው ሲታቀፉ ጎጆአቸው ይጠጋጋል። በተወለዱበት ደሴት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እናታቸው ሰፈር ስለተመለሱ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ሌላ ደሴት ላይ ሄደው ሲሰፍሩም እህት ከእህቷ አትርቅም። ይተዋወቃሉ። አብረው አድገዋልና። ይህን ሳስብ የዝይ መንደር የጎጆዎች ክምችት ብቻ ሆኖ አይታየኝም። አንዱ ጥግ የአንዲት አሮጊት ዝይ ልጆችና የልጅ ልጆች ሰፈር ሊሆን ይችላል። ዝይ ከቀናው ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራል፣ ጥንዶቹም አንዱ እስኪሞት አብረው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ጎረቤቶች ለዓመታት ጎረቤት ናቸው።

በመንደሩ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሰላማዊ ብቻ አይደለም። ሴቷ አራት ገደማ እንቁላል ትጥልና ከደረቷ በነጨችው ለስላሳ ላባ ሸፍና ትታቀፋለች። በተለይ የበረዶ ዝይ ሴት በዚያ ጊዜ ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። ከደቡብ ይዛ በመጣችው ስብ ነው የምትኖረው፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አጥንትና ቆዳ ሆና ነው የምትነሣው። ባሏ አጠገቧ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ጎረቤቱን፣ ወፉን፣ ያገኘውን ሁሉ ያባርራል። ጎጆ ያላገኘች ወይም ጎጆዋ የፈረሰባት ሴት ደግሞ የሌላዋ ጎጆ ውስጥ እንቁላሏን ጣል አድርጋ ትሄዳለች። የጎጆዋ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ታቅፋ ታሳድገዋለች። መንደሩ ሲጨናነቅ ይህ ይበዛል።

ሁሉም በጥቂት ቀናት ልዩነት ነው የሚታቀፉት። ለምን መሰላችሁ? እንቁላል የሚበሉት ወፎች በቀን የሚጨርሱት የተወሰነ ነው። ሺህ ጎጆ አንድ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ጎጆ የመዘረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ዘግይታ ብቻዋን የታቀፈችው ናት የምትጎዳው። ስለዚህ መንደሩ በራሱ መከላከያ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ።

እስካሁን ያልኩት መንደሩ ለምን እንደሚጠጋጋና ለምን አንድ ቦታ እንደሚቆይ ነው። ግን ዝዮች ይህን ጠባይ ድሮም ነበራቸው። ታዲያ ለምን አሁን በዙ?

በ1948 ስቫልባርድ ታቅፈው ስኮትላንድና እንግሊዝ ድንበር ላይ ባለው የሶልዌይ ባሕር ሰላጤ የሚከርሙት ባለ ነጭ ጉንጭ ዝዮች ሦስት መቶ ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። ሦስት መቶ! አንድ ሠርግ ላይ የሚታደም ሰው ያህል። ከዚያ በ1950ዎቹ በብሪታንያም በስቫልባርድም መታደናቸው ተከለከለ፣ በ1957 ካርላቨሮክ የሚባለው የሚከርሙበት ቦታ ተከለለላቸው። ከስድሳ ዓመት በኋላ አርባ ሺህ ያህል ሆኑ። በሩሲያ የሚታቀፉትም በ1950ዎቹ ሃያ ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ባልቲክና ሆላንድ ውስጥ ከሚታቀፉት ጋር ተደምረው ከሚሊዮን በላይ ናቸው።

አደን መከልከሉ ለምን እንዲህ ይሠራል? ዝይ እንደ ዶሮ ብዙ ጫጩት አሳድጎ አይደለም የሚበዛው፣ ረጅም ዕድሜ ኖሮ ነው። አንድ ትልቅ ዝይ በየዓመቱ የመትረፍ ዕድሉ 80 በመቶ ከሆነ በአማካይ የቀረው ዕድሜ አምስት ዓመት ገደማ ነው። 90 በመቶ ከሆነ አሥር ዓመት ይሆናል። አሥር በመቶ ብቻ ጨምሮ የመታቀፊያ ዘመኑ እጥፍ ሆነ! ለዚህ ነው ጥይት ሲቀንስ ቁጥሩ የሚመነጠቀው።

ሌላው ምክንያት ማዳበሪያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንድ፣ ዴንማርክ፣ ጀርመን የወተት ላም የሚያሰማሩበትን ሜዳ በናይትሮጅን ማዳበሪያ አለመለሙት። ያ ሣር ለላም የሚጣፍጠውን ያህል ለዝይም ይጣፍጣል፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው። አሜሪካም እንዲሁ ነው። የበረዶ ዝዮች ድሮ የሚከርሙት ባሕር ዳር ባለ ረግረግ ላይ ሥር እየቆፈሩ ነበር። አሁን ቴክሳስ፣ ሉዊዚያናና አርካንሶ የሩዝ ማሳ ላይ የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ፣ ወደ ሰሜን ሲመለሱ የበቆሎ እርሻው ይቀበላቸዋል። ድሮ በብርዱ ወራት በረሃብ የሚያልቀው ዝይ አሁን ጠግቦና ወፍሮ አርክቲክ ይደርሳል። የወፈረች ሴት ደግሞ በጊዜ ትታቀፋለች። ስለዚህ ገበሬው ሲማረር እረዳዋለሁ፣ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ግን ዝዮቹ የመጡት የተዘራላቸውን ሊበሉ ነው።

እንዲህ ያደገ መንደር ታዲያ የት ላይ ይቆማል?

ብዙ ሰው የጎጆ ቦታ ሲያልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ጎጆ ለመሥራት አንድ ክንድ መሬት ይበቃል። የሚያልቀው ሣር ነው፣ እሱም በትክክል ጫጩቶቹ የሚበሉት ሣር። የዝይ ጫጩት በተፈለፈለ በአንድ ቀን ውስጥ በእግሩ እናቱን ተከትሎ ይወጣል፣ ማንም አያጎርሰውም፣ ራሱ ነው የሚግጠው። በስድስት ሳምንት ገደማ መብረር አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥሩ ሣር ካላገኘ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ዕድሜ ልኩን። በኋላ ቢጠግብም አጥንቱ አያድግም። የላውስ ሆልማር ተመራማሪዎች ያዩት ይህን ነው። መንደሩ እያደገ ሲሄድ ጫጩቶቹ እያነሱ ሄዱ፣ ከነሱም የሚሞቱት በዙ፣ አድገው የተመለሱትም ከእናቶቻቸው ያነሱ ሆኑ። በ1998 የወጣው ጥናታቸው በጣም የሚያስደንቅ ነው። ትልቅ አካል ያላቸው ዝዮች ብዙ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ትልቅነት በዘር ይወረሳል፣ ስለዚህ ትውልዱ እየገዘፈ መሄድ ነበረበት። ግን እያነሰ ሄደ። ርኃቡ ከዘሩ በለጠ።

ላ ፔሩዝ ቤይ ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝዮቹ ለሣሩ ጠቃሚ ነበሩ። ግጠው ኩሳቸውን ይጥላሉ፣ ኩሱ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሣሩ ከበፊቱ ይበልጥ ይበቅላል። እዚህ ላይ ቢቆም ምን አለበት! ግን ከጥቂት ሺህ ጥንድ ወደ ብዙ አሥር ሺህ ሲሆኑ ሣሩ የማገገሚያ ጊዜ አጣ። በፀደይ፣ ገና ሣር ሳይወጣ፣ በመንቁራቸው መሬቱን ቆፍረው ሥሩን ይነቅላሉ። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ፀሐይ ሲመታው እርጥበቱ ይተንና ከሥር ያለው የድሮ ባሕር ጨው ወደ ላይ ይወጣል። ጨዋማ መሬት ላይ ደግሞ ሣር አይመለስም፣ ያለውም ይደርቃል። ስለዚህ ዝዮቹ ወደ ቀጣዩ ሜዳ ያልፋሉ፣ እዚያም ያንኑ ይደግማሉ። ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ የነበረው ዳርቻ ቡናማ ጭቃ ሆኗል፤ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ቤተሰቦቹ አሁን ጫጩቶቻቸውን ይዘው አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው ነው የሚያሰማሩት። በመንገድ ስንቱ ይቀራል!

ሴቶቹ ግን አሁንም ይመለሳሉ። የእናት አገር መውደድ እዚህ ጋ ወጥመድ ይሆናል፤ ሣሩ አልቆም ቢሆን የተፈለፈሉበት ቦታ ይጎትታቸዋል። ወደ አዲስ ቦታ የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው፣ አዲስ መንደር የሚቆረቆረውም በነሱ ነው። ለዚህ በቅርቡ የታየ ግሩም ምሳሌ አለ። በስቫልባርድ የሚታቀፈው ሌላ ዓይነት ዝይ፣ ሮዝ እግሩ፣ ለዘመናት መንገዱ የታወቀ ነበር፦ ከቤልጂየምና ዴንማርክ በኖርዌይ በኩል ወደ ስቫልባርድ። ከዚያ ጥቂቶቹ በስዊድንና ፊንላንድ በኩል ማለፍ ጀመሩ። በ2023 የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዬስፐር ማድሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳወቁት፣ እነዚህ ዝዮች ከስቫልባርድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የሩሲያ አርክቲክ ደሴት ኖቫያ ዜምልያ አዲስ የመታቀፊያ አገር መሥርተዋል፤ ከሦስት እስከ አራት ሺህ ዝዮች፣ አሥር ዓመት በሚያህል ጊዜ። መንገዱን ምናልባት በዚያ በኩል ከሚያልፉ ሌላ ዘር ዝዮች ጋር ተደባልቀው ተማሩት። ደፋሮቹ ጥቂት ነበሩ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። የላውስ ሆልማር ታሪክ እንደገና፣ አሁን በሳተላይት መከታተያ ታይቶ።

እንግዲህ ሰዉ ምን ያድርግ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል። አሜሪካ በ1999 ለበረዶ ዝዮች አደን ልዩ ፈቃድ አወጣች፤ በፀደይ ጭምር፣ ቁጥር ሳይገደብ። ሐሳቡ ትልልቆቹን መቀነስ ነበር፤ ሒሳቡ ቅድም እንዳየነው ትክክል ነው። ግን ዝዮቹ ከአዳኞቹ ቁጥር በላይ ሆነው ተገኙ። ብዙ ተገደለ፣ መንጋው ግን ለዓመታት ማደጉን አላቆመም። በቅርብ ዓመታት መቀነስ የጀመረው በዋናነት ጫጩት ማደግ ስላቃተው ነው። አውሮፓ ውስጥ እንቁላሉን ዘይት ቀብቶ ወይም ወግቶ እንዳይፈለፈል ማድረግ የተለመደ ነው። መናፈሻ ላይ ሊያግዝ ይችላል። ግን መንደሩ ሣር አጥሮት ጫጩቶቹ አስቀድሞም እየሞቱ ከሆነ፣ ግማሹን እንቁላል ማጥፋት ለቀሪዎቹ ሣር ማስፋት ነው፤ ያልተነካው ግማሽ የተሻለ ያድጋል። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተደክሞ ለውጥ የማይታይበት ቦታ አለ፣ አያስገርመኝም።

የትኛው ዝይ የማን እንደሆነ ማወቅም ወሳኝ ነው። በጥር 2009 ኒውዮርክ ላይ የካናዳ ዝዮች ሞተሩ ውስጥ ገብተውበት ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ታስታውሳላችሁ፣ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ከዚያ በኋላ ከተማው አካባቢ ያሉ ነዋሪ ዝዮች በብዛት ተይዘው ተገደሉ። ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ተመራማሪዎች ግን በሞተሩ ውስጥ የተገኘውን ላባ መርምረው ዝዮቹ ከሩቅ ሰሜን የመጡ ተጓዦች እንደነበሩ አረጋገጡ። የመናፈሻዎቹ ዝዮች ለአውሮፕላን አያሰጉም ለማለት አይደለም። ግን አንዱን መንደር መቀነስ ከሌላ መንደር የሚመጣውን አያቆምም።

አሁን አሁን ደግሞ ሚዛኑን የሚያናጋ ሌላ ነገር መጥቷል። ስቫልባርድ ላይ የባሕሩ በረዶ ቀድሞ ስለሚቀልጥ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማደን ያቃተው ነጭ ድብ ዝዮቹ በሚታቀፉበት ሰሞን ወደ ደሴቶቹ እየዋኘ ይመጣል። ቀበሮ የማይሻገረውን ውኃ ድብ ከምንም አይቆጥረውም። አንድ ድብ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንድን ደሴት ጎጆዎች አንድ በአንድ እየዞረ ሊጨርስ ይችላል። ይህ ግን የሚወስደው እንቁላልን ነው። እናቲቱ ትተርፋለች፣ ለከርሞ ትሞክራለች።

ከ2021 መጨረሻ እስከ 2022 መጀመሪያ በነበሩት የብርድ ወራት ሶልዌይ ላይ የሆነው የተለየ ነው። የወፍ ጉንፋን ገባ። ከዚያ ከሦስት መቶ ተነሥቶ አርባ ሺህ ከደረሰው የስቫልባርድ ዝይ አንድ ሦስተኛው ገደማ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ፤ ሜዳው ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ወድቀው ታዩ። ሲከርሙ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ በሽታው አልራራላቸውም። ከሞቱት ብዙዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ደሴታቸውን፣ ጎጆአቸውን፣ እህታቸው የምትታቀፍበትን ጥግ የሚያውቁ ሴቶች አሉባቸው። የተረፈችውም ባሏ ከሞተባት አዲስ ባል ፈልጋ፣ ተላምዳ፣ ያንን መንገድ አሳይታው ነው የምትታቀፈው። በዚያ ዓመት የተፈለፈለች ሴት ጫጩት ደግሞ ለመታቀፍ ወደ ደሴቷ የምትመለሰው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ከስድስት ሳምንቱ ሣር፣ ከቀበሮው፣ ከባሕሩ መንገድ ከተረፈች።